ባለቤት ያጣሁለት ቁጥር

ሰኞ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላቋረጠም። እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ ከመስኮቴ አይታይም። ፕሪንተሩ ከካርቶኑ ወጣ። ሂሩት መመሪያውን ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ጣለችው። አውርጄ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እዚህ ቤት መመሪያ የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ ይህን ያህል አድጋ እስካሁን ዕቃ የምትለምደው ቁልፉን ሁሉ እየጎረጎረች ነው።

መመሪያው ግልጽ ነው። ፕሪንተሩ ከሁሉም ኮምፒውተር ጋር እንዲሠራ የራሱ የኔትወርክ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ልክ እንደ ስልክ። የቤታችንን ቁጥሮች አውቃቸዋለሁ። የሂሩት ኮምፒውተር 10፣ የኔ 11፣ የፊተኛው ክፍል ጥግ ላይ ሳያርፍ የሚያጓራው ትልቁ ማሽን 12። ቁጥሩን በደንብ ጽፌ በያንዳንዱ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በቁጥሮቹ ዝርዝር ላይ ተይዟል ተብሎ ዕቃውን ያላገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ቁ. 20።

ባለፈው ወር ሙራድን ጠይቄው ነበር። ሙራድ የሂሩትን ዌብሳይት የሚጠብቅልን ቴክኒሻን ነው፤ ቡታጅራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ሳቅ የሚያበዛ ወጣት። “እማማ፣ ሃያ አካል የለውም” አለኝ። “ትልቁ ማሽን ሆድ ውስጥ ሌላ ማሽን አለ። ዌብሳይቱ የሚኖረው እሱ ውስጥ ነው።” አሳየኝ ስለው ደግሞ ሳቀ። በዓይን አይታይም፣ ቨርቹዋል ነው አለ።

ማሽን ውስጥ ማሽን! በዚህ ዕድሜዬ ሊቀለድብኝ አይገባም። ትልቁን ማሽን ዞሬ አየሁት። አንድ ሣጥን፣ አንድ የመብራት ገመድ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብል። አንድ ቁጥር ይበቃዋል። የመ/ቤት ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እኛ ዘንድ ባለቤት የሌለው ቁጥር ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል እንጂ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

20ን ለፕሪንተሩ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ገጽ ጥርት ብሎ ወጣ። ቁጥሩን ለጥፌበታለሁ። ማንንም አላስቸገርኩም።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

ከሰዓት ሁከት። ዌብሳይቱ ጠፋ።

ማስታወሻዬ፣ ለምን እንደምንጨነቅ ልንገርሽ። በደቡብ ከተሞች ያሉ ባለሱቆች ዌብሳይቱ ላይ ገብተው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የተማሪ ቦርሳ ያዝዛሉ። ሂሩት ከጅምላ ሻጭ ተረክባ ታስጭንላቸዋለች። ዓመቱን የምንኖረው በሐምሌና በነሐሴ ሥራ ነው። ት/ቤት ከተከፈተ በኋላ ደብተር የሚያዝዝ የለም።

የቢሮውን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ስልኩና ፕሪንተሩ እኔ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ቀፎ ሂሩት ጋ፣ ፊተኛው ክፍል። ስልኩ ይጮኻል፤ አቶ ኤርሲዶ ናቸው፣ ከሆሳዕና፤ ከደንበኞቻችን ትልቁ። ገጹ አይከፈትም አሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ደወሉ። አሁንስ ተከፈተ፤ ግን ደብተር የለም፤ “ወረቀት ጨምሩ” የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው የሚታየው አሉኝ። ድምፄን አጥብቄ፣ የእኛ ዌብሳይት ወረቀት ይሸጣል እንጂ ወረቀት አይለምንም አልኳቸው። ለሂሩት ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰውየው ሌላ ቦታ ገብተው ነው አልን።

ሙራድ መጣ። መገናኛ ለባቡሩ ተቆፍሮ መሻገሪያ የለም፤ ጫማው ጭቃ ብቻ ነው። ሊደርስ ሲል የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ አጠፋሁ፤ ፕሪንተሩንም አጥፍቼ ዳንቴሉን አለበስኩት። የማዞሪያ ቤት ሕጋችን ነው። የመስመር ሠራተኛ ሲመጣ ኦፕሬተሯ ጠረጴዛውን አጽድታ እጇን ትሰበስባለች።

ተቀመጠ፣ አየ፣ ሁሉም ደህና ነው አለ። ዌብሳይቱም ተከፈተ። ሻይ አቀረብኩለት። ረመዳን መሆኑን ረስቼ። ምንም አይደለም እማማ አለ፤ እኔ ግን አፈርኩ። ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 12

የእናቶች ጸሎት ኅብረት ተራ መርሐ ግብር አተምኩ። ለሁሉም ይዳረሳል። ቆንጆ ወጣ።

ዌብሳይቱ እንደገና ጠፋ። አቶ ኤርሲዶ ሦስት ጊዜ ደወሉ፣ ከወላይታም አንድ ሌላ ሰው። ሂሩት ከራሷ ኮምፒውተር ስታየው አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ እምቢ ይላል። የመንገድ ቆፋሪዎቹ ገመድ ቆርጠው ይሆናል አለች። ገመዱ ከተቆረጠ ስልኩ እንዴት ይሠራል አልኳት። ወደ ስክሪኗ ዞረች። ትክክል ስሆን ደስ አይላትም።


ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሙራድ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ቅዳሜም መጥቶ ነበር። ሁልጊዜ ሲመጣ ይሠራል፤ ሲሄድ ይጠፋል።

ዛሬ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ይጽፋል፣ ማሽኑ ይመልስለታል። አሠራሩን ተከታተልኩ። ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። ኬብሉ ገብቷል? ማሽኑ ቁጥሩን ይዟል? ሞደሙ ሲጠራ ይመልሳል? ከሞደሙ ወዲያ ያለውስ? ዌብሳይቱን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ተነሥቷል? መግቢያውን የሚጠብቀው ፋየርዎል ዘግቶ ይሆን? እኛም የሞተ መስመር እንዲህ ነበር የምንፈልገው። ለጥቂት ጊዜ ወደድኩት።

ከዚያ ዘወር ብሎ ጠየቀኝ። “እማማ፣ በዚህ ሰሞን ቁጥር የነካ ሰው አለ? አዲስ ዕቃ የገባ?”

የተከሰስኩ መሰለኝ። “እዚህ ቤት ያለ ሥርዓት የሚነካ ሰው የለም” አልኩት። እሺ እማማ ብሎ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ኬብሎቹን ወለል ላይ ጥሏቸው ነበር። ጃኬቱን ከመስቀያ ይልቅ ወንበር ላይ። እየሠራ ያንጎራጉራል።

ከሄደ በኋላ ሂሩት ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ደንበኞቹ ወደ ሌላ ሻጭ እየሄዱ ነው አለች። እኔም ተናገርኩ። እሱ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ፣ ሲሄድ የሚጠፋ፣ በየመምጣቱ የሚከፈለው። አይገርምሽም? አልኳት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ቀና ብላ አየችኝ። “ሆን ብሎ ነው እያልሽ ነው እማዬ?” እኔ ምንም እያልኩ አይደለም አልኩ።

ምንም እያልኩ አይደለም አልኩ። እዚህ ላይ ስጽፈው ያስጠላል።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 18

ሂሩት ሙራድን አሰናበተችው። በስልክ ነገረችው፤ ከሰዓት መጥቶ የበሩን ቁልፍ መለሰ፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ አስረከበ። ለአቶ ኤርሲዶም ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ነበር፣ አሁን ተለያይተናል ብላቸዋለች።

አልገባም አለ። በረንዳው ላይ ቆሞ ዝናቡ ጀርባውን እየመታው ነው የተነጋገሩት። አልጮኸም። “ሂሩትዬ፣ እኔ ያላበላሸሁትን ነው ስጠግን የከረምኩት። ፌር አይደለም ይሄ” አላት። ልጄ በእንግሊዝኛ ቀላቅላ ስለ ሥራና ስለ እምነት ተናገረች። ድምጿ የኔን ይመስላል።

ሲሄድ በመስኮት አየኝ። “እማማ፣ ደህና ይሁኑ።” ደህና ሁን አልኩት። ሲኤምሲ ሰፈር ያለ አንድ ቢሮ ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርገኝ ነው እያለ ባለፈው ሲያወራኝ ነበር። እንግዲህ ሥራ አያጣም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

በሥርዓት ልጻፈው።

ሂሩት ጅምላ ሻጮቹ ጋ ሄዳ ብቻዬን ነኝ። ለኅብረቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጥያቄዎች አተምኩ። መሐል ላይ ወረቀት አለቀ። ሌላ ወረቀት ላመጣ ስነሣ ስልኩ ጮኸ። አቶ ኤርሲዶ።

“ወይዘሮ አስካለ፣ ዛሬም ወረቀት ጨምሩ እያለኝ ነው።”

ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ፕሪንተሩ ላይ ወደቀ። ትንሿ መስኮቱ ብልጭ ድርግም ትላለች። በእንግሊዝኛ፦ ወረቀት ጨምሩ።

እስቲ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያንብቡልኝ አልኳቸው። አነበቡልኝ። እኔም ከመስኮቷ ላይ እየተከተልኩ አነበብኩ። አንድም ፊደል አልተለየም። ወረቀት ጨመርኩ።

“አሁን ገጹን እንደገና ይክፈቱት። ምን ይላል?”

“ዝግጁ ነኝ ይላል። ምን አደረጉት?”

ቁጭ አልኩ። ሆሳዕና ያሉ ሰው የኔን ፕሪንተር እያዩ ነው፤ ፕሪንተሩ ሁኔታውን የሚያሳይበት የራሱ ገጽ እንዳለው መመሪያው ላይ አንብቤ ነበር። ደብተር ሊያዝዙ ደውለው፣ መስመሩ የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የወጣላቸው። በራሴ ሙያ ያለውን ነገር እንዴት አጣሁት? አንድ ቁጥር ለሁለት ቤት ሲሰጥ ጥሪው አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይወጣል። ልምምድ ላይ ያለች ኦፕሬተር እንኳ ታውቀዋለች።

ፕሪንተሩን አጠፋሁ። ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው። ታገሡ። የልጅ ልጆቻቸው ከጀርባ ይንጫጫሉ። ደግመው ከፈቱ።

“ኧረ መጡ! ደብተሮቹ መጡ! ባለ ሃምሳ ሉኩም አለ!” ሳቁ። “እርስዎ ራስዎ ቴክኒሻን ኖረዋል እንዴ? ያንን ልጅ በከንቱ ነው የቀለባችሁት!”

አመስግኜ ዘጋሁ።

አለ። ማሽን ውስጥ ማሽን አለ። ቁጥሩም 20 ነው። ሙራድ ነግሮኝ ነበር። እኔ በዓይኔ ያላየሁት የለም ብዬ ቤቱን ለሌላ ሰጠሁበት። እሱ ሲመጣ ደግሞ እየተነሣሁ አጠፋሁለት፣ ዳንቴል አለበስኩለት። ጾም ውሎ፣ አፉ ደርቆ፣ መገናኛን በጭቃ ተሻግሮ ይመጣል፤ እኔ ማስረጃውን ሸፍኜ ሻይ ላቅርብ እላለሁ።


እዚያው ቀን፣ ሲመሽ

ፕሪንተሩን ወደ 21 ቀየርኩት። የድሮውን ወረቀት በጥፍሬ ልጬ አዲስ ለጠፍኩ። ሂሩት ስትመለስ ልነግራት ነበር። ደክሟት ገባች፤ ራት በላች። ነገ እነግራታለሁ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23

አልነገርኳትም።

እሑድ አምልኮ ላይ እኅቶች በጸሎት ምሪን አሉኝ። እኔ ስጸልይ ቃል አላዛባም፣ ጊዜ አላባክንም፤ ለዚህ ነው የሚመርጡኝ። መራሁ። ዓይኔን ስጨፍን በረንዳው ላይ የቆመ ጃኬቱ የራሰ ሰው ነበር የሚታየኝ። አሜን አሉ።

ከዚህ የሚብሰው ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ዌብሳይቱ ከቅዳሜ ወዲህ አንዴም አልጠፋም። ትእዛዝ ይጎርፋል። ሂሩት ዛሬ ጠዋት አቅፋ ሳመችኝ። “አየሽ እማዬ? ሙራድ ከሄደ በኋላ ሰላም ሆነ። አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ እስካሁን እየተጫወተብኝ ነበር።”

በድብቅ ያረምኩት ስህተት የእሱ ጥፋት ማረጋገጫ ሆነ። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። አስቤ ይሆን? አላውቅም። ጉንጬን እያበስኩ ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ አልኳት።


ዓርብ፣ ሐምሌ 26

ረፋድ ላይ ስልክ ጮኸ። ትሁት የወንድ ድምፅ። ወ/ሪት ሂሩትን ይፈልጋል።

“ማን ልበል?” አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት ቃል ነው።

ሲኤምሲ ካለ ቢሮ ነው አለ። ስለ አቶ ሙራድ የቀድሞ አሠሪውን መጠየቅ ይፈልጋሉ። ቋሚ ሊያደርጉት አስበዋል፤ ከኢድ በዓል በኋላ ይወስናሉ።

አፌ ላይ ነበር። ጌታዬ፣ እኔን ይጠይቁኝ ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ።

አገናኘሁ። ሂሩትን ጠርቼ በወዲያኛው ቀፎ እንድታነሳ ነገርኳት፤ የኔን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ። ኦፕሬተር በሰው ንግግር አትገባም። ኦፕሬተር ታገናኛለች እንጂ አትሰማም። ሃያ ስምንት ዓመት እንጀራዬን የበላሁበት ሕግ ነው፤ ተመሰገንኩበት፣ ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ።

ግድግዳው ግን ቀጭን ነው። ሰማሁ። አልተሳደበችም፤ ልጄ ጨዋ ናት። “ችሎታ አለው። ግን እሱ ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠብንም። ከዚያ በላይ ማለት አልፈልግም” አለች።

ከዚያ በላይ ማለት አያስፈልግማ! ከኔ ነው የተማረችው። ምንም ሳይሉ ሰው መጨረስን።


ሰኞ፣ ሐምሌ 29

ነገርኳት።

ቁርስ ላይ። ዳቦዋን እየቀባች ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ተናገርኩ፤ መመሪያው፣ 20፣ ዳንቴሉ፣ አቶ ኤርሲዶ፣ 21። ቅዳሜ ያወቅሁትን ዓርብ ሲደወል እንዳልተናገርኩም ጨመርኩ። ማራገፍ ከጀመርኩ ሁሉንም ላራግፍ ብዬ።

መጀመሪያ ሳቀች። “ወረቀት ጨምሩ” ብላ ደጋግማ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። “እማዬ፣ የሰው ስም ነው እኮ ያጠፋሁት።” አጠፋን አልኳት። “ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው ያወቅሽው? እና እኔ እያቀፍኩ ስስምሽ...” ዳቦውን አስቀመጠች። ተነሥታ ወጣች። ትልቁ ማሽን ያለበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ከሰዓት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። አሁን ምን ይደረግ አልኳት። ሲኤምሲ እንድትደውልላቸው ፈለግሁ። አይሆንም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ምን ልበላቸው? ባለፈው ዓርብ ያልኩት ሐሰት ነው ልበል? ደንበኞቼስ? ጥፋቱ ከቤቴ ከወጣ ማን ያምነኛል? ፕሊስ እማዬ፣ ይለፍ። ሙራድን ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ለበዓል የሆነ ነገር እልክለታለሁ። “ያንቺን ስም ደግሞ በየቢሮው አላስነሳም።”

ልትሸፍነኝ ነው። ይህንንም ከኔ ነው የተማረችው፤ ዳንቴል ማልበስ። ልቆጣት አልቻልኩም። በምን አፌ?


ሐሙስ፣ ነሐሴ 2። በዓል

ሰማዩ ለአፍታ ጠራ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከታች የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች በአዲስ ልብስ ኩሬውን እየዘለሉ ይሄዳሉ።

ሙራድ ዘንድ ደወልኩ። ሂሩትን አላስፈቀድኩም። ስልኩን ሲያነሳ ከጀርባው ጫጫታ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የሴቶች ሳቅ። እንኳን አደረሰህ አልኩት። “እንኳን አብሮ አደረሰን እማማ” አለ። ድምፁ ውስጥ ያ ሳቁ የለም።

ነገርኩት። ለሂሩት ከነገርኳት አሳጥሬ፤ ቤቱ እንግዳ አለበት። 20ን የወሰድኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሲመጣ የማጠፋውም እኔ። ጥርጣሬውን ሂሩት ጆሮ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ።

በሩን ዘግቶ ወደ ውጭ ሳይወጣ አልቀረም፤ ጫጫታው ራቀ።

“አካል የለውም ብዬዎት ነበር” አለኝ።

“ብለኸኝ ነበር።”

“ቁጥር የነካ ሰው አለ ወይ ብዬም ጠይቄዎታለሁ።”

“ጠይቀኸኛል።”

“እማማ፣ እኔ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልነበረኝም እኮ። የሆነ ነገር አላውቅም ማለት ነው እያልኩ ነበር። ሚስቴን ምናልባት ሙያዬን ልቀይር ብያታለሁ።”

ይቅርታ አልኩት። በዕድሜዬ ለወጣት ይህን ቃል የተናገርኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ምንም አይደለም ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። የኛ ሰው እንዲያ ይላል፤ ለሽማግሌ በተለይ። አላለም።

“ለእኔ መንገሩ ጥሩ ነው፤ አላህ ይስጥልኝ። ግን እኔማ እንዳላበላሸሁት አውቃለሁ። የማያውቁት ሲኤምሲ ያሉት ናቸው። ነገ ይሰበሰባሉ። ከሂሩት ጋር ተነጋግረው ከሆነ መልሱን አውቀዋለሁ። በሉ፣ እንግዳ አለብኝ። ደህና ይዋሉ።”

ትክክል ነው። አንዲትም የሚታረም ቃል የለውም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 3፣ ጠዋት

ተነሣሁ፤ ታጠብኩ፤ ፀጉሬን ሠራሁ። ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ለበስኩ።

ሚስዮን አዳሪ ት/ቤት ሳለን አንድ ሥርዓት ነበር። ሰሌዳው ላይ ወጥታ የተሳሳተች ልጅ ወንበሯ ተመልሳ በደብተሯ ብታርም አይቆጠርላትም። መምህርቷ ጠመኔውን መልሳ ትሰጣታለች። እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ እዚያው ክፍል ፊት። ስንት ጊዜ ተሳቅቄበታለሁ፤ ስንት ጊዜ ደግሞ ሌላዋ ስትወጣ ደስ ብሎኛል። ፕሪንተሩን በድብቅ 21 ያደረግሁ ዕለት በደብተሬ ማረሜ ነበር። ለሂሩት መንገሬም፣ ለሙራድ መንገሬም ገና ደብተር ነው። የተሳሳትኩበት ሰሌዳ ይህ ስልክ ነው። ዓርብ ረፋድ፣ እዚችው ወንበር ላይ።

ሂሩት በሩ ላይ ቆማለች። ምን እንደማደርግ ያለ ንግግር ገብቷታል። አልከለከለችኝም፤ አላገዘችኝም። ደንበኞችሽ ቢቀሩስ አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። ቀጥሎ ያን ዕለት መዝግባ የያዘችውን የሲኤምሲውን ቁጥር ከሞባይሏ ላይ ፈልጋ በእርሳስ ጻፈችልኝ። ፊተኛው ክፍል ገባች። የወዲያኛውን ቀፎ አላነሳችም፤ ስታነሳ ጠቅ ይላልና አውቃለሁ።

ደወልኩ። አንዲት ወጣት አነሳች። ጥሩ ድምፅ፤ በደንብ የሠለጠነች። ሥራ አስኪያጁን ፈለግሁ።

“ስብሰባ ሊገቡ ነው እማማ። ማን ልበል?”

ማን ልበል። ከዚያኛው ጫፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኛ ስም አንናገርም ነበር፤ “ማዞሪያ” ብቻ። ይህን ሁሉ ዓመት ስልክ ላይ ሳወራ ስሜን የጠየቀኝ የለም።

“አስካለ በያቸው። የወ/ሪት ሂሩት እናት። ባለፈው ዓርብ ስለ አቶ ሙራድ የተነገራቸው ስህተት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ በያቸው።”

“ምን አሉኝ?”

ደገምኩላት። ቃል በቃል ጻፊው አልኳት፤ የእስክሪብቶዋን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ደቂቃ ይጠብቁ እማማ አለችኝ። እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው፤ ቀፎው ትከሻዬ ላይ። ፕሪንተሩ አጠገቤ ጠፍቶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን አንስቼለታለሁ። ሙራድ ለአንድ ቀን ቢመጣ አሠራሩን በደንብ እንዲያስረዳኝ እለምነዋለሁ፤ ባይመጣ እፈርድበት ዘንድ አልችልም።

መስመሩ ጠቅ አለ። ሰው ተነፈሰ። ሄሎ አለኝ፣ ያ ትሁት ድምፅ። ስሜን ልነግረው እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።